የበረሃው ጦር ሰፈርና የእድራችን ጥሩምባ

ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፒያሳ ካሉት ኬክ ቤቶች በአንዱ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ማኪያቶና ቦምቦሊኖ አሳልፋለሁ። ቤታችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ዛሬ ግቢው የለም። ፈርሶ፣ ተስተካክሎ ሰፊ መንገድ ወጥቶበታል፤ የሠፈሩም ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። በቀደም በዚያ ሳልፍ ቤታችን ከአስፋልቱ የትኛው ላይ እንደነበረ እንኳ መለየት አቃተኝ። እንግዲህ ቦታው ካልመሰከረልኝ እኔ ልመስክር ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

አባቴን የሠፈሩ ሰው «አምሳ አለቃ» ነበር የሚለው። ከወሎ በልጅነቱ ወጥቶ ወታደር የሆነ፣ ቀጭን፣ ደረቱ ግን ሰፊ ሰው ነበር። በውትድርናው ጊዜ በምሥራቅ በረሃ ባለ ትልቅ ጦር ሰፈር የካምፑ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሠራዊቱ ተበትኖ አዲስ አበባ ሲገባ የቀን ሥራ ሞከረ፤ ዘበኝነትም ሞከረ። በመጨረሻ የሠፈራችን እድር የጥሩምባውን ሥራ ሰጠው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ከድልድዩ ራስ ጀምሮ እስከ አፍንጮ በር መታጠፊያ ድረስ እየነፋ፣ የሟቹን ቤትና የቀብሩን ሰዓት ጮክ ብሎ የሚናገር እሱ ነበር። እድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ስለነበር፣ ለሁሉም የሚነፋው እሱ ነው።

ጥሩምባዋ የእድሩ ንብረት ብትሆንም የምታድረው እኛ ቤት፣ አልጋው ራስጌ ባለ ሚስማር ላይ ነበር። የቆርቆሮ ናት። አባቴ በጣም ይንቃታል። «ይቺ ጥሩምባ ናት? ማንቆርቆሪያ ናት እንጂ! የካምፑ ናስ ነበር፤ ስነፋው ግመሎቹ ዞር ይሉ ነበር» ይላል። ይንቃት እንጂ ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈቅድም።

የአራዳ ሰው ደግሞ በሞት መልአክም ይቀልዳል። መንገድ ላይ ሲያገኙት፣ «አምሳ አለቃ፣ የኔን ወረፋ ዝለላት እሺ!» ይሉታል። እሱም፣ «አንተን? ላንተማ እንኳን ጥሩምባ ፉጨትም አላባክን» ብሎ ያልፋል። በራችን ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረው ሴትዮ፣ «ኸረ አምሳ አለቃ፣ ጠዋት ጠዋት ልቤን አያፍርሱት፣ ለሠርግ አንድ ቀን ይንፉልን» ስትለው፣ «ልጅሽን ዳሪና እነፋለሁ» ይላታል። ልጅቷ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች።

የጦር ሰፈሩን ታሪክ እኔና ታናሽ ወንድሜ እንደ ተረት ነው እየሰማን ያደግነው። ሌላው ልጅ የጅብና የጦጣ ሲነገረው፣ ለኛ የካምፑ ይነገረናል።

«መጀመሪያ ጉድጓድ ነበር» ብሎ ይጀምራል አባቴ። በዚያ በረሃ መሐል የማይደርቅ አንድ የውኃ ጉድጓድ ነበር፤ ግመል የሚያረቡ ሰዎች ከየአቅጣጫው የሚጎርፉበት። በንጉሡ ዘመን ጥቂት ወታደር መጥቶ አጠገቡ ድንኳን ተከለ። «ለምን?» እንላለን፣ እያወቅን። «ውኃውን የያዘ መንገዱን ያዘ፤ መንገዱን የያዘ ጠረፉን ያዘ» ይላል። ከዚያ የአውሮፕላን ማረፊያ ተጠረገ፤ የቆርቆሮ ቤቶች ተደረደሩ። አባቴ በደርግ ጊዜ ለግላጋ ሆኖ ሲደርስ ካምፑ ከተማ ሆኖ ነበር። ዳቦ ቤት አለው፤ ሆስፒታል አለው፤ በነጭ በተቀባ ግድግዳ ላይ ፊልም ይታያል፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ናቸው። ሻይ ቤቶቹ የተደረደሩበትን መንገድ ወታደሩ «ፒያሳ» ነበር የሚለው። አባቴ እውነተኛውን ፒያሳ ከማየቱ በፊት በዚያኛው ፒያሳ ለብዙ ዓመት ተንሸራሽሯል።

ጦርነት ሲነሣ ስንቁም ጥይቱም የሚወጣው ከዚያ፣ ቁስለኛውም የሚገባው ወደዚያ፣ አዲሱ ምልምልም የሚሠለጥነው እዚያው ነበር። በኋላ ግን ካምፑ ከጉድጓዱ በለጠ። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጉድጓድ አልጠጣ ሲል፣ ውኃ ከሩቅ ወንዝ በቦቴ መኪና ይመጣ ጀመር። ስለዚህም አባቴ ከማንቂያው፣ ከምግቡና ከሰልፉ ጥሪ ሌላ፣ የትም ጦር ሰፈር የሌለ አንድ ጥሪ ይነፋ ነበር፤ የውኃ ጥሪ። የቦቴዎቹ አቧራ ከሩቅ ሲታይ ይነፋዋል፤ መኮንኑም ተራ ወታደሩም ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ይሮጣል። አባቴ እኛ ግቢ በፈረቃ የምትመጣው የቧንቧ ውኃ ስትንጠባጠብ ሲሰማ፣ ያንኑ ጥሪ በአፉ ይነፋው ነበር። «ጡ-ጡ-ሩሩሩ፣ ጡ-ጡ-ሩ!» ይላል፤ የግቢው ሴት ሁሉ ባልዲዋን ይዛ ትወጣለች። ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

መንግሥት ሲወድቅ አዛዦቹ በመኪና ሄዱ፤ ወታደሩ በእግሩ። የአካባቢው ሰው ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ በሩን ሳይቀር ግመል ላይ ጭኖ ወሰደ። «አልፈርድባቸውም» ይላል አባቴ፣ «መሬቱስ የነሱ አይደል?» ከዚያ ሌላ ጦር መጣና እዚያው ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ቆርቆሮ መታ። «ጦር ይቀያየራል፤ ጉድጓዱ አይቀያየርም።» ተረቱ እዚህ ላይ ነበር የሚያልቀው።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ በአፍንጮ በር መስመር የታክሲ ረዳት ሆነ። አፉ አያርፍም፤ ተሳፋሪ እየሳቀ ነበር ሒሳብ የሚከፍለው። አንድ ቀን ተመዝግቤያለሁ ብሎ መጣ፤ ወታደር ሊሆን ነው። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ጫማውን ተመለከተና «ሁለት ካልሲ ደርብ» ብቻ አለው። ሥልጠናውን ጨርሶ ምድቡ ሲነገር ግን ያው የአባቴ ካምፕ ሆኖ አረፈው። አባቴ የሰማ ዕለት ሲስቅ አመሸ፤ በማግሥቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው አላናገረም።

ወንድሜ የሚደውለው ከውኃ ታንከር ማማ ላይ ወጥቶ ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ድምፁ በነፋስ ተቆራርጦ ይመጣል። እናቴ ስልኩን ቀድማ ትይዝና «በላህ?» ትለዋለች፤ በላሁ ካለ ሌላ ወሬ የላትም። ከዚያ አባቴ ይቀበላታል።

«ጥሩምባውን ማን ነው የሚነፋው?»

«ጥሩምባ የለም አባባ፤ ሳይረን ነው አሁን።»

«ሳይረን? ሳይረን ትንፋሽ አለው?»

«ትንፋሽ የለውም ግን አይሰክርም።»

«አንተ ባለጌ! ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው ግራርስ?»

«ዳቦ ቤቱስ የታለ፣ አባባ!»

ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል እኔን አስጠራኝ። የቦቴ ረዳት ሆኖ ተመድቧል። «እትዬ» አለኝ፣ «ረዳትነት እዚህም አልለቀቀኝም። ተሳፋሪዬ ውኃ ነው፤ ‹ጠጋ ጠጋ በሉ› ብለው አይሰማኝም።» ለዒድ ፈቃድ ተሰጥቶኛል፣ እመጣለሁ አለ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስቀመጠችለትን ብርድ ልብስ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ታሰጣው ጀመር። ዒድን መጠበቅ ለሁላችንም ሥራ ሆነ።

ከዚያ ስልኩ ጠፋ። መጥፋቱ አዲስ አልነበረም፤ ኔትወርክ ነው አልን።

ሐሙስ ወደ ማታ የእድሩ ሰብሳቢ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የሚዋደዱ፣ ሲገናኙ የማይቀልዱበት ቀን የሌለ። ያን ዕለት አልቀለዱም።

«አምሳ አለቃ፣ ጥሩምባዋን ልውሰዳት ብዬ ነው። ለጥገና።»

«ምን ሆነች?»

«አፏ ላይ ተጣማለች ተብሎ በስብሰባ ተነሥቷል።»

«በየትኛው ስብሰባ? እኔ የሌለሁበት?» አባቴ ሳቀ። «ዛሬ ገና አወቃችሁ? እኔ ማንቆርቆሪያ ናት ስል ስንት ዓመቴ!»

ከሚስማሩ አውርዶ በፎጣ ጠቀለለላቸው። «ብየዳውን ከውስጥ በኩል እንዳያደርጉት ንገሯቸው፤ ድምጿ ይታፈናል» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ሰብሳቢው አረፍ ይበሉ ሲባሉ አልተቀመጡም። ሲወጡ የበሩ ደፍ አደናቀፋቸው። እናቴ፣ «ሰውዬው አሟቸዋል መሰለኝ፣ ፊታቸው ልክ አይደለም» አለች። አባቴም፣ «ጡረታ ነው የሚያደርጋቸው» አላት።

የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ከካምፑ በፈቃድ የመጣ የወንድሜ ጓደኛ ከኛ ይልቅ ወደ ሰብሳቢው ቤት ነበር የሄደው። በሀገራችን ደንብ መርዶ በማታ አይነገርም፤ በስልክም አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎህ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። ወዲያው ጥሩምባ ይነፋና ሠፈሩ ይደርሳል። ግን ጥሩምባውን የሚነፋው ማን ነው? ልጁ የሞተበት ሰው ራሱ! ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉ። በመጨረሻ ከአጎራባች እድር ነፊ ለመዋስ ተስማሙ። ጥሩምባዋ ግን የኛዋ መሆን አለባት፤ ሰው የእድሩን ጥሩምባ ድምፅ ያውቃል፣ በሌላው ድምፅ ከአልጋው አይነሣም። ለዚያ ነው ሊወስዷት የመጡት።

ሁሉንም አስበው አንዱን ረሱ። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ክርስቲያኖች ነበሩ፤ አባቴ በዚያ ሰዓት ሱብሂ ሊሰግድ መስጊድ እንደሚሆን ትዝ አላላቸውም። በመሐላቸው የነበረው እስላም የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ብቻ ነው። አጎቴ ፒያሳ ጥግ ላይ ባለች ጠባብ ሱቅ ሰዓት የሚጠግን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እሱ ሱብሂን ቤቱ ነው የሚሰግደው፤ ወንድሙ ጎህ ሲቀድ መስጊድ እንደሚሄድ እሱም አላሰበውም።

አርብ ገና ሳይነጋጋ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ጋቢ የለበሱ፣ አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ግቢውን ሞልተውታል። አንድም ሰው ደህና አደርሽ አላለኝም። በዚያች ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ በኛ አገር የማያውቅ የለም። እናቴ ከኋላዬ መጣችና አየቻቸው። መሬት ላይ ተቀመጠች።

አጎቴ ወደኔ ቀረበ። «አባትሽስ?»

«መስጊድ።»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ሩጪ» አለኝ። «ነፊው ድልድዩ ራስ ላይ ቆሟል፣ ሲነጋ ንፋ ብለነዋል። ቀድመሽ አባትሽን አምጪው። ምንም እንዳትይው፤ እቤት ሰው ይፈልግሃል በይው።»

ሮጥኩ። ነጠላ ጫማዬ አንዱ ወለቀ፤ አልተመለስኩለትም። ወንድሜን እያሰብኩ አልነበረም፤ አላህ ይወቀው፣ የማስበው አባቴ ተቀምጦ እንዲሰማ ብቻ ነበር። ዳገቱን ሳልጨርሰው ጥሩምባዋ ጮኸች። የሌላ ሰው ትንፋሽ ነው፤ ይንተባተባል።

አባቴን ከላይ ሲመጣ አየሁት። ቆመ። አንገቱን አዘንብሎ አዳመጠ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ያየሁት ግን ቁጣ ነበር እንጂ ድንጋጤ አልነበረም። አባቴ የመሰለው ሥራውን ከጀርባው ለሌላ የሰጡበት ነው። የጥገናው ነገር፣ የሰብሳቢው ፊት፣ ሁሉም በዚያው ገጠመለት።

«አባባ!» አልኩት ከታች። እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘኝና ወደ ሰውዬው ሄደ። ሰውዬው ወጣት ነው፤ ከአፍንጮ በር ማዶ የመጣ፣ አባቴን የማያውቅ።

«ማነህ አንተ? ማን ሰጠህ ይቺን?»

«የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፣ አባት።»

«ጉንጭህን አትንፋ! የጉንጭ ነፋስ ድልድዩን አይሻገርም። ከሆድህ!»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «እሺ አባት።»

«ለመሆኑ ማን ነው ያረፈው? እኔን ሳይነግሩኝ የሚነፋለት ማን ነው?»

ደረስኩ ስል አልደረስኩም።

«የጥሩምባ ነፊያቸው ልጅ ነው አሉኝ» አለ ሰውዬው። «በረሃ የነበረው ወታደሩ።»

አባቴ እጁ ጥሩምባዋን ሊቀበል ተዘርግቶ ነበር፤ እንደተዘረጋ ቆየ። ሰውዬው እኔን አየ፤ ባዶ እግሬን አየ፤ ተመልሶ አባቴን አየ። «ያ አላህ» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ከእጁ ስታመልጥ ጥሩምባዋ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለች። አባቴ ጎንበስ ብሎ አነሣት፤ አቧራዋን በጋቢው ጫፍ ጠረገና መለሰለት።

«አንተ ጨርስ» አለው። «እኔ ዛሬ እድርተኛ ነኝ።»

ክንዱን ያዝኩት። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላችን ጥሩምባዋ እንደገና ተሰማች፤ አሁን ከሆዱ ነበር የሚነፋው። አባቴ አንድም ጊዜ ዞር አላለም። ግቢው በር ላይ ስንደርስ የሴቶቹ ለቅሶ ተቀበለን፤ አጎቴ እግሩ ላይ ወደቀ።

ወንድሜን የገደለው ጦርነት አይደለም። ቦቴው ደረቅ የወንዝ አሸዋ ሲሻገር፣ ሩቅ የዘነበ ዝናብ ያመጣው ጎርፍ ደርሶ ገለበጠው። ጓደኞቹ በዕለቱ አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውበት እዚያው ካምፑ ቀብረውታል። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያ ከካምፑ የመጣው ጓደኛው አባቴ አጠገብ ተቀምጦ ይህን ሲነግረው፣ አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቀው።

«የት ላይ አሳረፋችሁት?»

«ከካምፑ ዝቅ ብሎ፣ ግራሮቹ ዘንድ። አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ጥላም አለው።»

አባቴ «አላህ ይስጣችሁ» አለው።

ለምን እንደጠየቀ የነገረኝ ሐዘኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ግራሮቹ ዘንድ የነበረው የድሮው መቃብር ነው። በአባቴ ጊዜ አንድ ዓመት ጎርፉ አቅጣጫውን ቀይሮ በዚያ ሲያልፍ መቃብሩን ከፈተው፤ የሞቱትን ሰብስበው ዳግመኛ የቀበሩ ጊዜ ጥሩምባ የነፋላቸው እሱ ነበር። ከዚያ መቃብሩ ወደ ኮረብታው ይዛወር ተብሎ ታዘዘ። ያን የሚያውቀው ጦር ተበተነ፤ አዲሱ ጦር ሲመጣ ያየው ለስላሳ አፈርና ጥላ ነው። «የሚነግራቸው ሰው አልነበረም» አለኝ። «እኔስ? ታንከሩ ላይ ወጥቶ ሲያወራኝ ስለ ዳቦ ቤት ስጠይቀው! የመቃብሩን ነገር ለለጋ ልጅ ምን ብዬ ልንገረው?»

ከዚያ በኋላ አባቴ ሬዲዮ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። ዜናውን አይሰማም፤ የአየር ጠባዩን ነው የሚጠብቀው። በምሥራቅ ቆላማ ቦታዎች ዝናብ ይጠበቃል ከተባለ ያን ቀን እህል አይቀምስም። እናቴ ትለምነዋለች፤ እኔ ከኬክ ቤቱ ያመጣሁትም ሳይፈታ ያድራል። ሊሄድ ቢያስብም ልቡ ታሞ ነበር፤ ሐኪሙ ቆላ እንዳትወርድ ብሎታል። ጥሩምባዋን እድሩ መልሶ ልኮለት ነበር፤ ለነፊው ስጡት ብሎ ሰደዳት። ሰብሳቢው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሬዲዮ ሲሰሙ አመሹ።

አጎቴ ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። የጎርፉን ነገር ከኔ ከሰማ በኋላ አንድ ቀን ሱቁን ዘጋ። ከናዝሬት ወዲያ ተሻግሮ የማያውቅ ሰው ነው። በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄዶ ካምፑ ደረሰ፤ ከአዛዡ ፈቃድ ጠየቀ። መቃብሩን የወንድሜ ጓደኞች አሳዩት። እሱና አባቴ ወሎ ልጅ ሳሉ ከአያቴ ጋር በማሳ ዳር እንደሚሠሩት፣ ጎርፉ በሚመጣበት በኩል የድንጋይ ካብ መካብ ጀመረ። ወታደሮቹ ከሥራቸው ሲመለሱ ድንጋይ ያመላልሱለት ነበር። ለወንድሜ ብቻ አላደረገውም፤ ካቡን አርዝሞ በዚያ ያሉትን ሁሉ ከለለ። የአካባቢው ኢማም ዱዓ አደረጉ።

ሲመለስ በቀጥታ እኛ ቤት መጣ። የጣቶቹ ጫፍ ተሰነጣጥቆ ነበር። አባቴ አጠገብ ተቀምጦ ካቡ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ከፍታው የት ድረስ እንደሆነ ነገረው። አባቴ ሬዲዮውን ዘጋው። አጎቴ የቀረበለትን በላ። ሰኞ ጠዋት ሱቁን ከፈተ፤ ጣቶቹ እስኪድኑ ድረስ ትንንሽ ሰዓት አልተቀበለም።